ሐረጎ ያላስተማረን፦ በበረዶ ወራት የመኪናን መስታወትና የግንባር መብራት ንጹሕ ስለ መጠበቅ

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ደሴ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ማለዳ ከቦሩ ሜዳ ወደ ከተማ በሚመጣ ሚኒባስ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ በማደሩ የፊት መስታወቱ ስስ ውርጭ ለብሷል። ረዳቱ ከአንድ ሻይ ቤት ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ አስሞልቶ መጣና ከላይ ወደ ታች አፈሰሰበት፤ ሾፌሩ የዝናብ መጥረጊያውን ሁለት ጊዜ አመላለሰው፤ መስታወቱ ጠራና ተነሣን። ወጣቱ ሾፌር የካናዳ ጉዳዩ አልቆለት የመሄጃ ቀኑን ብቻ የሚጠብቅ ስለነበር፣ «ጋሼ፣ እዚያማ ውሃውን በደንብ ማፍላት ሳያስፈልግ አይቀርም፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው አላሳቀኝም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ አፍልቼዋለሁ። በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ኤድመንተን በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ በደረሰበት ጠዋት፣ ከኩሽና ማንቆርቆሪያ ይዤ ወጥቼ በመስታወቱ ላይ ደፋሁት። ውሃው ወደ ታች ሳይፈስ እዚያው ረግቶ ሁለተኛ መስታወት ሆነ፤ ከዚያ በፊት በጠጠር ተመትታ የነበረችና የጤፍ ፍሬ የምታህል ነቁጥ ደግሞ ጠጭ የሚል ድምፅ አሰምታ ከሾፌሩ በኩል እስከ ተሳፋሪው በኩል ተሰነጠቀች። የፈላ ውሃ በረዷማ መስታወትን የሚሰነጥቀው አንዱ ገጽ በድንገት ሲለጠጥ ሌላው በቅዝቃዜው ተኮማትሮ ስለሚቀር ነው። የዚያ ቀን ትምህርት የአንድ ሙሉ የፊት መስታወት ዋጋ አስከፍሎኛል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ሾፌርና እንደ እርሱ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ተነሥተው በረዶ ወዳለበት አገር ለሚሄዱ ወይም በቅርቡ ለገቡ አሽከርካሪዎች ነው።

አስቀድሞ የቃል ነገር ላንሣ። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለውን የዝናብ ጊዜ ነው፤ የእነርሱ ክረምት ግን ከኛ በጋ ጋር የሚገጥም፣ ኅዳር አካባቢ ገብቶ እስከ መጋቢት አልፎም እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ ወቅት ነው። በረዶ የሚለው ቃላችንም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ በእግር የሚረገጠውን ነጭ ብናኝና በመስታወት ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት አንድ ላይ ይጠራል። ለሾፌር ግን እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ጠላቶች ናቸው፤ ብናኙ በብሩሽ፣ ቅርፊቱ በመፋቂያ ይነሣል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚያውቅ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ በመሆናቸው በዚያች አጭር መንገድ ሁለት ዓይነት አየር ይታያል። ነሐሴ ላይ ጉም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራማ መንገድ ሲውጠው ረጅም መብራት ማብራት ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት እንደ መገተር መሆኑን፣ አጭር መብራት አድርጎና ፍጥነት ቀንሶ የመንገዱን ጠርዝ ተከትሎ መሄድ እንደሚሻል የሐረጎ ሾፌር በሚገባ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በበረዶ ውሽንፍርም ሳይለወጥ ይሠራል። ሐረጎ ያላስተማረን ሌላ ነው። የሐረጎ ጉም የሚመጣው ከተራራው ነው፤ እኛ የምናደርገው ነገር የለም። በቀዝቃዛው አገር ሾፌሩን የሚያሳውረው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መኪና መስታወት ላይ የተሸከመው ነው፤ ስለዚህም ከመነሣቱ በፊት ሊያስወግደው ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው። መኪናውን ሲያቆሙ ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት የዝናብ መጥረጊያውን ያጥፉ። ሳያጠፉት ቢቀርና ላስቲኩ ሌሊት ከመስታወቱ ጋር ቢጣበቅ፣ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ የመጥረጊያው ሞተር የተጣበቀውን ላስቲክ ሊጎትት ይታገላል፤ ወይ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ወይ ላስቲኩ ይቀደዳል። በረዶ ይጥላል በተባለበት ሌሊት የመጥረጊያውን ክንዶች ከመስታወቱ አንሥቶ ማቆም የተለመደ ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ካለ ግን ክንዱ ተመልሶ መስታወቱን እንዳይመታ ባያነሡት ይሻላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች መጥረጊያው ከኮፈኑ ሥር ስለሚተኛ በመጀመሪያ ከመኪናው መመሪያ ላይ የማንሻውን ዘዴ ማየት ያስፈልጋል። የመኪናው ፊት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቢያድር የጠዋት ፀሐይ ትንሽ ታግዛለች፤ ይሁንና በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ አርፍዳ ስለምትወጣ ለማለዳ ሠራተኛ ብዙም አትጠቅምም።

ጠዋት ላይ ቅደም ተከተሉ ከጉልበት ይበልጣል። በመጀመሪያ የጭስ መውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ይመልከቱ፤ ተደፍኖ ሞተሩ ቢነሣ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በዚሁ ምክንያት በሩ ክፍትም ቢሆን በጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማሞቅ አይገባም። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተው የማሞቂያውን አየር ወደ ፊት መስታወት ያዙሩ፤ የኋላ መስታወት ማሞቂያውንም ይጫኑ። መስታወቱ ከውስጥ እየሞቀ ሳለ እርስዎ በውጭ ከጣሪያው ይጀምሩ። ብዙ አዲስ ገቢ ጣሪያውን ይተወዋል፤ «ጣሪያ ላይ ዓይን የለኝም» ያለኝም ሰው አጋጥሞኛል። በመጀመሪያው የፍሬን ርግጫ ግን ያ ክምር በሙሉ ተንሸራቶ የፊት መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ ወይም በፍጥነት ጎዳና ላይ ተነሥቶ ከኋላ በሚመጣው ሰው መስታወት ላይ ያርፋል። ከጣሪያው ወደ መስታወቶቹ፣ ከዚያ ወደ ኮፈኑ፣ በመጨረሻም ወደ መብራቶቹ፣ ስፖኪዮዎቹ፣ የሰሌዳ ቁጥሩና የኋላ ካሜራው ይውረዱ። ብናኙ ካለቀ በኋላ ቅርፊቱን በፕላስቲክ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ባለ መስመር ይፋቁ። ማንኪያ፣ ቢላዋና ሳንቲም መስታወትን ይጭራሉ፤ ጭረቱ ቀን ላይታይ ይችላል፣ ማታ ግን ከፊት የሚመጣን መብራት ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ይበትነዋል።

እንዲህ ያለው ሥራ እንደ በረዶው መጠን ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በጥድፊያ ሰዓት የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ፍቆ መነሣት ያጓጓል፤ ከጎን የሚመጣ እግረኛ የሚሰወረው ግን ባልተፋቀው ክፍል ውስጥ ነው። ሕጉም አይፈቅድም፤ የብሪታንያው የመንገድ ደንብ በ229ኛው አንቀጹ በረዶና ቅርፊት ከሁሉም መስታወቶች እንዲነሣ፣ መብራትና ሰሌዳም እንዲጸዳ ያዝዛል፤ በጀርመን ደግሞ በቀዳዳ እያዩ መንዳት ብቻ ሳይሆን መኪናን አቁሞ ሞተሩን ለማሞቂያ ብሎ ማስነሣትም ያስቀጣል። አልኮልና ውሃ በ2 ለ1 መጠን ተቀላቅሎ በመርጫ ሲረጭ ስስ ቅርፊትን ያላላል፤ ወፍራሙን ግን አይችለውም፤ ከእሳትና ከሲጋራም መራቅ አለበት። በአልበርታ ብዙ መኪኖች ከፊታቸው አጭር የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህ ማታ ከሶኬት ጋር ተገናኝቶ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያሞቅ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ሲነሣ ሙቅ አየር ቶሎ ወደ መስታወቱ ስለሚደርስ ለፍቂያውም እፎይታ ይሰጣል።

የውጩ ጠርቶ ሳለ ውስጡ ሲደፈን ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። በመጀመሪያ የትኛው ገጽ እንደ ተደፈነ በጣት ማወቅ ያስፈልጋል። ከቀዝቃዛዋ ደሴ ወርደው ሞቃትና እርጥብ ወደ ሆነው የኮምቦልቻ አየር ሲገቡ ጉሙ ከውጭ በኩል በቀዘቀዘው መስታወት ላይ ያርፋል፤ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይበቃል። በዝናብ ቀን 14 ሰው የጫነ ሚኒባስ ዳገቱን ሲወጣ የሚደፈነው ግን በውስጥ በኩል፣ በተሳፋሪው እስትንፋስና በረጠበ ልብስ ነው። በበረዶ አገር የሚያስቸግረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የደሴ ሾፌር እዚህ ላይ የለመደው መድኃኒት መስኮት ከፈት ማድረግና በጨርቅ መወልወል ነው። ጨርቁ ግን እርጥበቱን ያሰራጨዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ በኃይለኛ ብርድ ደግሞ እዚያው ይረጋል።

መፍትሔው የሚገኘው አየር በሙቀቱ ልክ እርጥበት የሚሸከም መሆኑን በማወቅ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ0 ዲግሪ ወደ 5 ግራም፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ ወደ 1 ግራም ይወርዳል። ስለዚህ የውጩ አየር ምንም ቢቀዘቅዝ እጅግ ደረቅ ነው፤ ይህን አየር ወደ ውስጥ አስገብቶ ማሞቅ የተጠማ ጨርቅ መስታወቱ ላይ እንደ መዘርጋት ነው፣ እርጥበቱን ይጠጣዋል። ቶሎ ይሞቅልኛል ብሎ የመኪናውን የውስጥ አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ግን የራሱን እስትንፋስ ደጋግሞ ወደ መስታወቱ እየላከ ነው። በመኪና ምስል ውስጥ ክብ ሠርቶ የሚዞር ቀስት ያለበት ቁልፍ መብራቱ መጥፋት አለበት። አየር ማቀዝቀዣውን ከማሞቂያው ጋር አብሮ ማብራት ሞኝነት ቢመስልም ትክክል ነው፤ ማቀዝቀዣው በውስጡ የሚያልፈውን አየር እርጥበት አውጥቶ ስለሚያደርቀው። ከዜሮ ዲግሪ እጅግ በታች በሆነ ብርድ ብዙ መኪኖች ማቀዝቀዣውን ራሳቸው ያጠፉታል፤ ያን ጊዜ የውጩ አየር ብቻውን በቂ ነው።

ከዚያ በላይ የሚረዳው እርጥበቱን ገና ሳይገባ መከልከል ነው። ጫማዎን ከመግባትዎ በፊት እርስ በርስ አማትተው በረዶውን ያራግፉ። ከእግር የወረደ በረዶ ምንጣፍ ላይ ቀልጦ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ተንኖ መስታወት ላይ ያርፋል፣ ሌሊት ደግሞ ከውስጥ በኩል ቅርፊት ይሠራል። የጎማ ምንጣፍ ገዝቶ ውሃውን ማታ ማታ መድፋት ከማንኛውም የሚረጭ መድኃኒት ይበልጣል። የመስታወቱ ውስጣዊ ገጽ ላይ ከፕላስቲክ ዕቃዎች የሚወጣ ተንና የሲጋራ ጭስ ተጠራቅሞ ስስ ቅባት ይፈጥራል፤ እርጥበት ቅባት ላይ ቶሎ ስለሚይዝ በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ይጠቅማል። በኋላ መስታወት ላይ የሚታዩት ስስ መስመሮች የማሞቂያው ሽቦዎች ናቸው፤ በምንም ዓይነት መፋቂያ ከውስጥ በኩል አይንኳቸው፤ አንዷ ከተቆረጠች በእርሷ በኩል ያለው ክፍል አይሞቅም።

የማጠቢያ ፈሳሽ ነገር ለብቻው ቢነሣ ደስ ይለኛል፤ ሊገድለኝ የነበረው እርሱ ነውና። የመጀመሪያ መኪናዬን ከአንድ ግለሰብ የገዛሁት በመስከረም ነበር፤ በማጠቢያው ጋን ውስጥ ያለው የሙቀት ወራት ፈሳሽ መሆኑን ለመጠየቅ አላሰብኩም። ታኅሣሥ ላይ በኤድመንተንና በካልጋሪ መካከል ባለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎዳና ስነዳ ከፊቴ ያለ ከባድ መኪና ጭቃና ጨው ረጨብኝ። እንደ ልማዴ የመርጫውን ዘንግ ሳብኩት። ፈሳሹ መስታወቱን እንደ ነካ ነጭ ሆኖ ረጋ፤ መጥረጊያው ይበልጥ ለቀለቀው፤ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተጓዝኩ ከፊቴ የተቀባ ግድግዳ እንጂ መንገድ አልነበረም። የጎን መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አንገቴን ብቅ በማድረግ፣ የአደጋ መብራት አብርቼ፣ የመንገዱን ዳር መስመር እያየሁ ቆምኩ። ያቆመኝ የሐረጎ ልማድ ነው፤ ያሳወረኝ ግን የራሴ እጅ ነበር።

ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ የድሮውን ፈሳሽ እየረጩ ይጨርሱትና የበረዶ ወራቱን ይሙሉ፤ ቱቦውም በአዲሱ እስኪሞላ ድረስ ጥቂት ይርጩ። ውሃ ብቻ መሙላት ጭራሽ አይታሰብም፤ ውሃ ሲረጋ ይዘቱ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ጋኑንና ፓምፑን ይሰነጥቃል። በካናዳ የሚሸጠው ሰማያዊ ፈሳሽ በ3.78 ሊትር ዕቃ ይመጣል፤ ላዩ ላይ ከዜሮ በታች ስንት ዲግሪ እንደሚችል ተጽፏል፤ በአልበርታ 40 የሚል ይምረጡ። በአውሮፓ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የሚበጠበጥ ዓይነት ነውና የመበጥበጫውን መጠን ያንብቡ። የትኛውም ቢሆን መስታወቱ ከውስጥ ሳይሞቅ በፍጥነት ላይ አይርጩት፤ አልኮሉ በነፋስ ቶሎ ተንኖ የቀረው ውሃ ይረጋል። ከሁሉም በላይ፣ ይህ ሰማያዊ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ሜታኖል አለበት፤ ሜታኖል ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። እኛ ጋዝም ዘይትም በሃይላንድ ጠርሙስ መገልበጥ የለመድን ሰዎች ነን፤ ይህን ፈሳሽ ግን ከራሱ ዕቃ ወደ መጠጥ ጠርሙስ በፍጹም አይገልብጡ፣ ልጆች ከሚደርሱበትም ያርቁ።

የመጥረጊያው ላስቲክ መስመር እየተወ የሚሄድ ከሆነ በአልኮል ጠርገው ይሞክሩት፤ ካልተስተካከለ ይቀይሩት።

ስለ ግንባር መብራት ስናወራ ጨውን መርሳት አይቻልም። የሚበተነው ጨው በረዶውን የሚያቀልጠው ውሃ የሚረጋበትን ዲግሪ ዝቅ በማድረግ ነው፤ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን የተራ ጨው ጉልበት ይደክማል፣ አልበርታን በመሰለ አገር አሸዋና ጠጠር የሚጨመርበትም ለዚህ ነው። ጨዋማው ጭቃ ከፊት ባለው መኪና ጎማ ተነሥቶ መብራቱ ላይ ይደርቃል፤ ግራጫ ቅርፊት ሆኖ ብርሃኑን ያፍነዋል፣ የተረፈውንም ይበታትነዋል። ይህ የሚሆነው ቀስ በቀስ ስለሆነ ሾፌሩ መንገዱ የጨለመ እንጂ መብራቱ የቆሸሸ አይመስለውም። ነዳጅ በቀዱ ቁጥር መብራቶቹን በማደያው ውሃና ስፖንጅ መጥረግ 1 ደቂቃ አይፈጅም። ከመኪና ጀርባ ራቅ ብሎ መንዳት ለፍሬን ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይረዳል፤ ጠጠሩም ከሩቅ አይደርስም።

የድሮዎቹ የሃሎጅን አምፖሎች፣ ብዙዎቹ 55 ዋት፣ ከብርሃናቸው በላይ ሙቀት ስለሚሰጡ የወደቀባቸውን በረዶ ራሳቸው ያቀልጡ ነበር። የኤልኢዲ መብራት ብርሃኑ ደማቅ፣ ፊቱ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ በሚጥል በረዶ ውስጥ ረጅም ጉዞ ሲያደርጉ መሸፈኛው በበረዶ ይለበጣል። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ይህን አይጠብቅም፤ በየሰዓቱ ደኅና ቦታ ቆሞ በብሩሽ ማራገፍ አለበት። የመብራት መሸፈኛው ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ እንጂ መስታወት ስላልሆነ የመስታወቱን መፋቂያ እዚያ ላይ አይጠቀሙ፤ ላዩ ላይ ያለው ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ስስ ቅብ ይነሣል፣ ያን ጊዜ ቢጫ መሆን ይጀምራል።

በኮምቦልቻ አንድ ላቫጆ ቆሜ ልጆቹ የቪትስ ቢጫ መብራት በጥርስ ሳሙና ሲያሹ አይቻለሁ፤ ያበራል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። የጥርስ ሳሙና ግን ቢጫውን ፍቆ ያነሣል እንጂ አዲስ መከላከያ አይተካም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። በውሃ እያረጠቡ በ1,000፣ ከዚያ በ2,000፣ በመጨረሻም በ3,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማሸትና መወልወል፣ ላዩንም ከጨረር የሚከላከል ቅብ መቀባት ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል። ይህን ሥራ ገና በረዶ ሳይጀምር፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ቢጨርሱት ጥሩ ነው።

ካናዳ ከታኅሣሥ 1989 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች ቀን ላይ ራሱ የሚበራ የፊት መብራት እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ይህ ለአዲስ ገቢ ወጥመድ አለው፤ ከ2021 መስከረም በፊት በተሠሩ ብዙ መኪኖች የፊቱ ሲበራ የኋላው ጨለማ ነው። በበረዶ ውሽንፍር መካከል ሾፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስላየ መብራት ያበራ ይመስለዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ግን አያየውም። በረዶ ወይም ጉም ባለበት ቀን ማብሪያውን በእጅዎ አዙረው ሙሉ መብራት ያብሩ፣ አንድ ጊዜም ወርደው የኋላው መብራት መሥራቱን ይመልከቱ።

መኪናን ማጠብ ብርዱ ጋብ ባለበት ቀን ይሁን። በኃይለኛ ብርድ የታጠበ መኪና የበሩ ላስቲክ ረግቶ አልከፈትም ይላል፤ ላስቲኩን አድርቆ ሲሊኮን መቀባት ይከላከላል። መስታወት ላይ በጠጠር የመጣች ትንሽ ነቁጥም በዚያው ሳምንት ትሞላ፤ ባለሙያ በሙጫ ሞልቷት ቢያልፍ ሙሉ መስታወት ከመቀየር እጅግ ይረክሳል። የእኔን ማንቆርቆሪያ ያስታውሱ።

ያ ሾፌር በጥቅምት ኤድመንተን ገባ። ረጅም እጀታ ያለው፣ በአንድ ጫፉ ብሩሽ በሌላው መፋቂያ ያለበት ዕቃ ገዝቼ ሰጠሁት፤ እርሱም በጥንቃቄ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀመጠው። በመጀመሪያው የበረዶ ጠዋት ስልክ ደወለልኝ፤ የዕቃ መጫኛው በር በበረዶ ተጋግሮ አልከፈት ብሎት በጃኬቱ እጅጌ መስታወት ሲፈቅ ነበር። አሁን ብሩሹ ከቤቱ በር ኋላ፣ ከጫማው አጠገብ ይቆማል።